ሁለቱም ድራማ በአንድ ሰዓት ሲመጣ የትኛው ይታይ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አውሮፓ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው። ሁለት ተከታታይ ድራማ እወዳለሁ። አንዱ የአገሬው ነው፣ ቋንቋ እማርበታለሁ። ሌላው በዲሽ የሚመጣው የኛው ሲሆን ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራን ነው የምናየው። ክረምቱን ሙሉ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምር ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ግን ሁለቱም ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ሆነው አረፉት። ሪሞት ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ሁለቱም ያመልጡኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

መልስ፦

እህቴ፣ ያጋጨሽ ሰዓት መቀየሩ ነው። አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ይገፋል፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ይመልሰዋል። አገር ቤት ሰዓት አይቀየርም። እዚያ ማታ 3 ሰዓት የሚጀምረው ድራማ አንቺ ጋ ክረምቱን 1 ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር፣ አሁን 2 ሰዓት ሆነ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በራሱ ይፈታል። እስከዚያ ግን ረጅም ነው።

ሪሞቱን አስቀምጪው። ማስታወቂያ ሲገባ ቀይሬ እመለሳለሁ ማለት አያዋጣም፤ ስትመለሺ ዋናው ንግግር አልፎ ነው የምትደርሺው።

እኔ የምለይበት መንገድ አንድ ነው፦ የትኛውን ነው ከሰው ጋር የማየው? እሱ በቀጥታ ይታያል። ድራማው ነገም ይገኛል፣ እህትሽ ስልኩ ላይ ሆና «አየሽው? አየሽው የደበቀውን!» የምትልበት ሰዓት ግን ነገ የለም። እኔ ከወንድሜ ጋር እንደዚሁ ነው የማየው። እሱ በዲሽ፣ እኔ በኢንተርኔት። የኢንተርኔቱ ስርጭት ትንሽ ስለሚዘገይ መጀመሪያ የሱን ሳቅ እሰማለሁ፣ ቀልዱ ኋላ ይደርሰኛል። አሁን ሳቁን ስሰማ እኔም ገና ሳላየው እስቃለሁ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጥን የሚመስለኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

የአገሬውን ድራማ በማግስቱ ከጣቢያው ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ እዪው። ለቋንቋም ይሄ ይሻላል። በቀጥታ ስታዪ አንድ ቃል ካመለጠሽ አመለጠሽ። በኋላ ስታዪው ግን የግርጌ ጽሑፉን ከፍተሽ፣ አቁመሽ፣ አስር ሰከንድ መልሰሽ ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። ብቻ እስከ መቼ እንደሚቆይ እዪ፤ አንዳንዱ ክፍል ከቀናት በኋላ ይነሳል። ሥራ ቦታ ሰዎች ስለሱ ካወሩ ደግሞ «አላየሁትም፣ እንዳትነግሩኝ» በያቸው። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወሬ የጀመርኩት በዚህ አረፍተ ነገር ነው።

የማታ ፈረቃ የምትገቢበት ቀን ከሆነ የኛውን ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክተሽ ቅጂው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የሪሲቨሩ ሰዓት በእጅ የሚስተካከል ከሆነ መጋቢት ላይ አልተቀየረም ማለት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት አሳልፎ ይጀምራል። እኛ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት የምንለው እሱ ጋ 20:00 ነው። እኔ መጀመሪያ 02:00 ብዬ ሞልቼ፣ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ስከፍተው ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ሁለቴ ነው የማየው።

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይይዝም። አንዳንዱ ሪሲቨር ከፋፍሎ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ያቆማል። መጨረሻው ላይ 15 ደቂቃ ጨምሪ፣ ከፊቱ ኳስ ወይም ዜና ካለ ፕሮግራሙ ይገፋል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ንገሪው፦ ባለ አንድ ቱነር (ስርጭቱን የሚይዘው ክፍል) ሪሲቨር እየቀዳ ሳለ ሌላ ቻናል የሚያሳየው በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ባለ ሁለት ቱነር ሁለቱንም ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዲሹም ሁለት ገመድ መምጣት አለበት።

ጠያቂዋ፦

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ተነስቼ ሪሲቨሩን አየሁት፣ እውነትም አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። አስተካከልኩት። ለእህቴም ደወልኩላት። ማክሰኞ የሷ ነው፣ የአገሬውን ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። የግርጌ ጽሑፍ እንዳለው እስከዛሬ አላውቅም ነበር!