የኮዲንግና የድራማ ማበልጸጊያ፦ ሁለት ዕቅድ ነው ወይስ አንድ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስለ ማበልጸጊያ ፕሮግራሙ የተባባልነውን ረቂቅ አድርጌዋለሁ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ነው። 10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ 90 ደቂቃ። 12 ልጅ ለኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ)፣ 12 ልጅ ለድራማ። የኮምፒውተርና የድራማ መምህራን አብረን የምንፈርምበት ሰነድ ስለሆነ ያልጣማችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሩ። ከገባ በኋላ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» አይሠራም።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦
እኔ ልጀምር። 12 እዚህ፣ 12 እዚያ ከሆነ የቱ ጋ ነው የጋራ የሆነው? ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነማ ለየብቻችን ብናቀርብ ይሻላል።

የኮምፒውተር መምህሩ፦
እውነቷን ነው። እስቲ ስክራችን ክፈቱት። ከኤም አይ ቲ ሚዲያ ላብ የወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልጆች ኮዲንግ የሚማሩበት ፕሮግራም ነው፤ በዋናነት ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ የታሰበ። በነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ አማርኛም አለው። ገጸ ባሕርያቱ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ምን ይባላል? መድረክ። መልካቸውን ሲቀይሩስ? አልባሳት። የሚታዘዙበት ጽሑፍ ደግሞ ስክሪፕት። ቃሉ ሁሉ የቲያትር ቤት ነው። እኛ ነን አጥር ያበጀንለት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪዬ ተኩላና ፍየል የሚነጋገሩበት ታሪክ ሠራች። ተኩላው ለ2 ሰከንድ ይናገራል፣ ፍየሏ 2 ሰከንድ ጠብቃ ትመልሳለች። አሪፍ ነበር። ከዚያ የተኩላውን ንግግር ወደ 4 ሰከንድ አስረዘመችው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ቁጭ ብላ የሁሉንም ሰከንድ እንደገና ደመረች። በማግስቱ ሌላ መስመር ጨመረች፤ እንደገና ተበላሸ። በሦስተኛው ቀን «መልእክት አስተላልፍ» የሚለውን ብሎክ (አንድ ትእዛዝ የያዘ ቁራጭ) ራሷ አገኘችው። ተኩላው ሲጨርስ መልእክት ይልካል፣ ፍየሏ መልእክቱ ሲደርሳት ትናገራለች። ሰከንድ መቁጠር ቀረ። ፊቷን ብታዩት!

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦
ይሄ እኮ የእኛው የመግቢያ ቃል ነው! ተዋናይ ሰዓት አይቆጥርም፤ የጓደኛውን የመጨረሻ ቃል ነው የሚጠብቀው። ግን አንድ ልዩነት አለ። ጓደኛው ቃሉን ከረሳስ? የናንተ ፍየል መልእክት ካልመጣላት ዝም ብላ ቆማ ትቀራለች። የእኔ ልጆች ግን የሆነ ነገር ብለው ትዕይንቱን ያድኑታል። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች የሚቸገሩት ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ሁሌ መቶ ከመቶ ስለለመዱ አንዲት ቃል ስትጠፋባቸው ይደርቃሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል። ስለዚህ ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ድንገተኛ ትወና በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ይግባልኝ። በዚህ አልደራደርም።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ምርጫው ነው። ረቂቁ «በውጤታቸው ከፍተኛ የሆኑ» ይላል። እንዲህ ካልን ሁሌ የሚመረጡት እነዚያው ልጆች ናቸው። ሬንዙሊ የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሐሳብ ተሰጥኦን በሦስት ነገር ያየዋል፦ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ የያዙትን ሥራ ሙጭጭ ብሎ መጨረስ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው ነገሩ። ፈተና የሚያሳየን አንዱን ብቻ ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ውጤቱ መሀል ላይ ነው፤ የእረፍት ሰዓት ጨዋታን ሕግ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ሕጉ ካልሠራ በማግስቱ አሻሽሎት ይመጣል። ይሄ ፕሮግራመር ካልሆነ ማን ነው?

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ ታዲያ በምን እንምረጥ? «መምህሩ እንደመሰለው» ብለን መጻፍ አንችልም።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦
የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሁኑ። እዚያ ላይ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ሲበላሽበት እንደገና እንደሞከረ እንመዝግብ። ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
ልጆች፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል። ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤትስ ምን ይሁን? ሰነዱን የሚያነቡት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንን ነው።

የኮምፒውተር መምህሩ፦
ጋሼ፣ ጥሩ አነሡት። ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ጨዋታዎች አሉ፤ በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሰባሰቧቸው። አንዱን ልንገርዎት። መሬት ላይ በጠመኔ መንገዶች ይሠመራሉ። 6 ልጆች ቁጥር ይዘው ከአንድ ጫፍ ይነሣሉ። መንገድ ሲገናኝ ሁለት ሁለት ሆነው ያነጻጽራሉ፤ ትንሹን የያዘ ወደ ግራ፣ ትልቁን የያዘ ወደ ቀኝ። ሌላው ጫፍ ሲደርሱ በቅደም ተከተል ተሰልፈው ያገኟቸዋል። ማንም አልደረደራቸውም። ጠመኔ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦
ያንን ለእኔ ተዉልኝ። ቁጥሩን በዕድሜ እንቀይረው፤ 70 የደረሰው እንደ 70 ዓመት ሰው ይሂድ። ሳይነጋገሩ፣ በአካሄድ ብቻ ይለዩ።

የኮምፒውተር መምህሩ፦
ስትሳሳት ሰልፉ ይበላሻል ማለት ነው። ወድጄዋለሁ! ላፕቶፕ ካለም ለሁለት ልጅ አንድ ይበቃል። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው እንደ ተውኔት አዘጋጅ ከጎን ያያል፤ በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ለ12 ልጅ 6 ማሽን። ይህንን በቁጥር አስገቢው።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
መጨረሻ ላይ ትልቅ ዝግጅት ይኑር። ወላጅ ይጠራ፣ እንግዳ ይምጣ።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። እንግዳ ይመጣል ካልን ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ቃል ማስሸምደድ ነው ሥራችን። ክፍት ልምምድ ይሁን። ተመልካቹ መሀል ላይ አስቁሞ «ተኩላው ባይመጣስ?» ይበል። ልጆቹ እዚያው ተውኔቱንም ኮዱንም ይቀይሩ።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
ካልሠራላቸውስ? ሰው ፊት?

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦
እሱን ነው ማየት የምፈልገው።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
እሺ፣ እንደ ፈቃድሽ። ወንበር ግን ለወላጆች ይዘጋጅ።

ጸሐፊዋ፦
ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «24 ልጆች፣ አንድ ቡድን ሳይሆን ሁለት፤ በሁለቱም ውስጥ ኮዲንግና ድራማ አብረው ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ክፍትና ያለ ኮምፒውተር። ቀጣዮቹ 7 ሳምንታት አንድ አጭር ተውኔት ተጽፎ በመድረክም በስክራችም ይሠራል። 10ኛው ሳምንት ክፍት ልምምድ።» ድንገተኛ ትወናው 20 ደቂቃ ገብቷል፤ አትቆጪ። ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ ቀን ስለሚገቡ 6 ማሽን ለሁሉም ይበቃል። አንድ የቀረኝ ነገር፦ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሁለት መምህር ያስፈልጋል፣ ከሁለቱም ሙያ። ቀን የሚመቻችሁን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የኮምፒውተር መምህሩ፦
እኔ ማክሰኞ። ጠመኔውንም ይዤ እመጣለሁ።