ቀለበት አስረናል፣ እኛን የሚከለክል ጥቅስ የቱ ነው?

ቀለበቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድብ ሳይሆን ጥቅስ ፈልጌ ነው የመጣሁት። እኔና እጮኛዬ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ቀለበት አስረናል። ሠርጉ ባለፈው ጥር ነበር የታሰበው፤ የአዳራሹና የድግሱ ዋጋ ሲነገረን ግን ወደሚቀጥለው ዓመት ገፋነው። አሁን እሱ አብረን እንኑር፣ ሁለት ቦታ ኪራይ ከምንከፍል አንድ ቤት ይበቃናል እያለኝ ነው። እስከ ሠርጉ እንጠብቅ ስለው መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ይከራከረኛል። ግቢ ጉባኤ ያደገ ልጅ ስለሆነ በክርክር አልችለውም። የሚለው ይሄ ነው፦ «አታመንዝር» የተባለው የሰው ሚስት ስለመንካት ነው። ጳውሎስ «ከዝሙት ሽሹ» ያለው ደግሞ ቆሮንቶስ ውስጥ ጋለሞታ ጋ ይሄዱ ለነበሩ ወንዶች ነው። ይስሐቅ ርብቃን ወደ እናቱ ድንኳን አስገባት፣ ሚስትም ሆነችው፤ ማን ፊት ፈረመ? ሊጋቡ የወሰኑ ሁለት ሰዎችን የሚከለክል አንድ ጥቅስ አምጪና እተዋለሁ ይለኛል። ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል፣ ግን የት እንደተጻፈ ማሳየት አቃተኝ። የምታውቁ እስቲ በሉኝ።

ቁም ነገር፦
ዕብራውያን 13፥4። «መጋባት በሁሉ ዘንድ ክቡር መኝታውም ንጹሕ ይሁን፤ ሴሰኞችንና አመንዝሮችን ግን እግዚአብሔር ይፈርድባቸዋል።» አለቀ። የምን ክርክር ነው?

ቀለበቷ፦
እሱን አሳይቼዋለሁ ወንድሜ። «እኔ ሴሰኛ ነኝ እንዴ? አንዲት ሴት ነው የምወደው፣ እሷንም ላገባት ነው» አለኝ።

የጉለሌው፦
የልጁ ጥያቄ በአንድ ጥቅስ የሚዘጋ አይደለም። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ወጣቶች ሳስተምር ይሄው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መጀመሪያ ልክ የሆነበትን ልስጠው። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ ከጋለሞታ ጋር ስለሚተኙ ሰዎች ነው የሚያወራው፣ እውነት ነው። «እጮኛሞች አብረው አይተኙ» የሚል ቃል በቃል የተጻፈ ትእዛዝም የለም። ስለዚህ እሱን ፍለጋ አትድከሚ።

ይልቅ ጥያቄውን ገልብጪበት። ታጭተው ገና ያልተጋቡ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን አደረጉ? ያዕቆብን እዪው። ለራሔል የሚሰጠው ጥሎሽ ስላልነበረው ሰባት ዓመት በጉልበቱ አገለገለ። ዓመቱ ሲያልቅ ላባን «ሚስቴን ስጠኝ» ይለዋል፣ ዘፍጥረት 29፥21። ልብ በዪ፣ ሚስቴ ብሎ እየጠራት እንኳ ገና ወደ እሷ አልገባም። ገንዘብ ስለጠፋ የተገፋ ሠርግ ማለት ይሄ ነው፤ ከእናንተ የሚለየው በግ መጠበቁ ብቻ ነው።

የዮሴፍና የማርያምንም ተመልከቺ። (በእናንተ በኦርቶዶክሶች ቤት ዮሴፍ ጠባቂዋ መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱ ውስጥ አልገባም፣ የፈለግኩት የሕጉን ነገር ብቻ ነው።) ያኔ መታጨት በፍቺ ካልሆነ አይፈርስም ነበር። ዘዳግም 22 የታጨችን ድንግል «የባልንጀራው ሚስት» ብሎ ነው የሚጠራት፣ የደፈራትም ሞት ይፈረድበታል። ማቴዎስ 1 ግን «ሳይገናኙ» ይላል። እንዲህ የጠበቀ መታጨት እንኳ መኝታን ካልፈቀደ፣ ነገ በአንድ ስልክ ሊፈርስ የሚችለው የእኛ ዘመን ቀለበት ከየት አምጥቶ ይፈቅዳል?

ይስሐቅ ማን ፊት ፈረመ ላለው፣ ዘፍጥረት 24ን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ያንብበው። ሎሌው ሄዶ ቤተሰቧን ጠየቀ። እነሱም ፈቀዱ። ጌጥና ልብስ ተሰጠ። ርብቃን ራሷን ጠርተው ትሄጃለሽ ወይ አሏት፣ እሄዳለሁ አለች፣ መርቀው ሸኟት። ከቤቷ የወጣችው ላትመለስ ነው። ድንኳኑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥር 67 ላይ ነው። ቬሎ አልነበረም፣ ሠርግ ግን ነበር።

ደግሞ ዘጸአት 22፥16ን ጨምሪበት። ያልታጨች ድንግልን አባብሎ የተኛ ሰው ጥሎሿን ከፍሎ ያግባት ይላል። እንደ ምንዝር በድንጋይ አያስወግረውም፣ ግን ዝም ብሎም አይለቀውም። አባቷ እምቢ ካለ ልጅቷን አያገኝም፣ ገንዘቡን ግን ይከፍላል። ሕጉ አልጋን ከኃላፊነት ነጥሎ አያይም ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥9 ነው፦ «ነገር ግን በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላልና ራሳቸውን መግዛት ባይችሉ ያግቡ።» እዚህ ጋ ጋለሞታ የለችም። የሚያወራው ላላገቡ ሰዎች ነው። የሰጣቸው ምርጫ ሁለት ነው፣ ወይ ራስን መግዛት ወይ ማግባት። «ለማግባት ካሰባችሁ ችግር የለውም» የሚባል ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ኖሮ የሚጠቀሰው እዚህ ነበር። እጮኛሽ ልክ ከሆነ ይሄ ቁጥር ለምን እንደተጻፈ ያስረዳሽ።

ጥያቄ ምልክት፦
ይቅርታ፣ ያዕቆብ ያላችሁት ሰውዬ ሁለት እህትማማቾች አግብቶ ከገረዶቻቸውም ልጅ የወለደ ነው። ሰሎሞን 700 ሚስትና 300 ቁባት ነበረው። ሕጉ የሚጠብቀው ለአንዲት ቀለበት ላሰረች ልጅ ብቻ ነው?

የጉለሌው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን የተጻፈ ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። የያዕቆብን ቤት ቅናት እንዴት እንዳመሰው፣ ወንድማማቾቹ ዮሴፍን እስከ መሸጥ እንደደረሱ ያው መጽሐፍ ነው የሚነግርህ። ሰሎሞንም ቢሆን 1ኛ ነገሥት 11 ሚስቶቹን የሚቆጥረው ልቡን እንዳዘነበሉት ሊከስስ ነው። ዘዳግም 17 ላይ ንጉሥ ሚስቶችን እንዳያበዛ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ኢየሱስ ደግሞ ማቴዎስ 19 ላይ ስለ ፍቺ ሲጠይቁት ያዕቆብንም ሰሎሞንንም አላነሳም። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ወደሚለው፣ ወደ መጀመሪያው ነው የወሰዳቸው።

በርበሬ፦
ወንዶች ጥቅስ ስትቆጥሩ ልጅቷ ምን እንዳለች አላነበባችሁም። እጠብቃለሁ ብላለች። በቃ! ምክንያቷን በምዕራፍና በቁጥር አስደግፋ የማቅረብ ግዴታ የለባትም። የኔ እህት፣ ሰውዬሽ መጽሐፍ የሚገልጠው ሊማር ነው ወይስ እሺ ሊያሰኝሽ? 2ኛ ሳሙኤል 13ን አንብቢ። የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር፣ ከእኔ ጋር ተኚ ብሎ የያዛትን የአባቷን ልጅ አምኖንን፣ ለንጉሡ ንገረው፣ እኔን አይከለክልህም አለችው። በወግ ውሰደኝ ነው ያለችው። አልሰማትም፣ አስገድዶ ደፈራት። ከዚያ በኋላ እሷን የጠላበት ጥላቻ ከወደደበት ፍቅር በለጠ ይላል።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ዝሙት በተነሳ ቁጥር የሚሰበከው ለሴት ነው። ዮሐንስ 8 ላይ ሴቲቱን ስታመነዝር ያዝናት ብለው ጎትተው አመጧት። ብቻዋን ነው እንዴ ያመነዘረችው? ወንድየው የት ገባ? ዘሌዋውያን 20፥10 ሁለቱም ነው የሚለው። ጳውሎስም 1ኛ ተሰሎንቄ 4 ላይ ከዝሙት ራቁ ባለበት አፉ በዚህ ነገር ማንም ወንድሙን እንዳያታልል ይላል። ዝሙት ሰው መበደልም ነው፣ የግል ንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀለበቷ፦
በርበሬ፣ እጮኛዬ አምኖን አይደለም እኮ! አስገድዶኝ አያውቅም። ይከራከራል፣ እንቢ ስለው ያኮርፋል፣ ከዚያ ቡና እንጠጣ ይለኛል። ስለ ወንዶቹ ያልሽው ግን ገብቶኛል። እኔ ሳልጠይቀው እሱ ብቻ ሲጠይቀኝ ነው የከረመው።

በርበሬ፦
አምኖን ነው አላልኩም። እንቢ ስትዪው የሚተው ከሆነ ጥሩ። ኩርፊያውን ግን አትልመጂው።

ሰንበቴ፦
የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጽናሽ። ልጁ ግቢ ጉባኤ ከዋለ መጽሐፈ ጦቢትን ሳያውቅ አይቀርም። (የጉለሌው ልጄ፣ በእናንተ 66 መጻሕፍት ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ለእኛ ግን ከ81ዱ አንዱ ነው።) ፊርማ ከፈለገ ምዕራፍ 7 ላይ አለለት። ራጉኤል ልጁን ሣራን እጇን ይዞ ለጦብያ ሰጠው፣ ወዲያው የጋብቻውን ውል ጽፎ አተመበት፣ እራት የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ምዕራፍ 8 ደግሞ ሁለቱ ጫጉላቸው ውስጥ ከመተኛታቸው በፊት ተነሥተው ጸለዩ። ጦብያ ይህችን የማገባት ለፍትወት ብዬ አይደለም ነው ያለው። እኔ ለሚጋቡ ልጆች ሁሉ ይሄን አንብቡ እላለሁ።

ሳምራዊቷንም አስቢያት። አብሯት የሚኖር ሰው ነበራት፣ ጌታ ግን አሁን ያለው ባልሽ አይደለም አላት። አብሮ መኖር ብቻውን ባል አያደርግም ማለት ነው። ቢሆንም አላባረራትም፣ ቁጭ ብሎ አወራት፣ ከተማውን ሁሉ የጠራች እሷ ሆነች። ይሄን የምጽፈው አንቺ ያልነገርሽን ያለፈ ነገር ካለ ብዬ ነው። ካለም በዚህ ቦታ አትናገሪው፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ያለፈባቸው ደግሞ ንስሐ ገብተው በቅዱስ ቁርባን ይጋባሉ። ድንግልናው አልፏል ተብሎ «ከእንግዲህ ምን ቀረ» ማለት ነው ትልቁ ጥፋት። ብዙ ልጆች እዚያ ላይ ነው የሚወድቁት።

የሠርግ ዕዳ፦
ስሜን ስታዩ ይገባችኋል። የእኔ ወንድም በብድር ደግሶ ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባም ዕዳው አላለቀም። እኔና ባለቤቴ ያንን አይተን ተማከርን። መጀመሪያ ክብር መዝገብ ሹም ፊት ምስክሮቻችንን ይዘን ፈረምን፣ በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ቆረብን፣ ከሰዓት የሁለታችን ቤተሰብ ብቻ እናቴ ቤት ዶሮ ወጥ በላ። ሚዜ ሁለት ሁለት። ሊሙዚን የለም፣ ዲኮር የለም። አንዳንድ ዘመድ ተቀይሞናል፣ ግን ታረቀ።

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባሕል የተፈጸመን ጋብቻ ሁሉ ይቀበላል። አዳራሽ የሚል አንቀጽ የለውም። መጽሐፍ ቅዱስም የለውም። ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ ከተማው በር ላይ አሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ዛሬ ምስክሮች ናችሁ አላቸው። እነሱም መረቁት። ወደ እሷ የገባው ከዚያ በኋላ ነው (ሩት 4)። ስለዚህ እጮኛሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ከአንቺ ጋር ለመኖር ዝግጁ ከሆነ ሁዳዴ ሳይገባ ለመጋባት ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው ድግስ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ከመጀመሪያውም የመጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም።

ቀለበቷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ ሰንበቴ እርስዎን በተለይ። ማታ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ያዕቆብ «እሱ የአዲስ አበባ ኪራይ አልነበረበትም» ብሎ ሳቀ። 7፥9 ላይ ሲደርስ ግን ለመመለስ ሞክሮ አልሄደለትም፤ መምህር እጠይቃለሁ አለ። የቦዔዝን ካነበበ በኋላ ቆየት ብሎ «አሥር ሰው ነው የሚበቃው?» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ቀን ልንጠይቅ ተስማምተናል፣ እስከዚያ በየቤታችን ነን። አሁን የቀረችው እናቴ ናት። የስንቱን ልጅ ሠርግ በልቼ የእኔን ዝም ብዬ ልድር ወይ፣ የዕድሩ ሰው ምን ይለኛል እያለች ነው። ለእሷስ የሚሆን ጥቅስ አላችሁ?

የሠርግ ዕዳ፦
ለእናት ጥቅስ አይሠራም። እኛ «ድግሱን አልሰረዝነውም፣ የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ላይ እንደግሳለን» ብለን ነው ያለፍነው። አሁን ባለቤቴ እርጉዝ ናት፣ እናቴ ደግሞ የበሬ ዋጋ እያጠያየቀች ነው።