ስማርት ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ከዋይፋይ አልገናኝ አሉ፤ ልምምዱ ነገ ጠዋት ነው!

የጅማ አሰልጣኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት ሰልጣኞቼ የስማርት ቤት የተግባር ልምምድ አላቸው። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሶኬት፣ አምፖልና ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ገጥመን ጨርሰናል። በእጅ ሲጫኑት ይበራል፤ ከስልክ ግን አንዱም አይታዘዝም። መተግበሪያው ሲሽከረከር ቆይቶ «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ኢንተርኔት ይጠቀማል። እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ!

ከመንደራ፦
ራውተሩን ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይሰኩት። የእኛ ቤት በዚህ ይስተካከላል።

አንጋፋው ሽቦ ዘርጊ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልጠናው ከስልክ መጀመር የለበትም። በሰሌዳው ላይ ፌዙም (ኃይል አምጪው ሽቦ) ኒውትራሉም (መላሹ ሽቦ) ዓይን ፊት ተዘርግቷል። ልጆቹ ሰው ቤት ሄደው የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን ሲከፍቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ገቢ ፌዝና ወደ አምፖል የሚሄድ ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ ኮርኒስ ውስጥ ቀርቷል። አብዛኛው ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ያለ ኒውትራል አይሠራም። መጀመሪያ ይህን ያስተምሯቸው።

የጅማ አሰልጣኝ፦
አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ኒውትራል ፍለጋውን በቴስተርና በመልቲሜትር ሠርተውታል። አሁን ኃይል አለ፤ የማብሪያዎቹ ጠቋሚ መብራት እያብለጨለጨ ነው። ራውተሩንም አጥፍቼ አብርቻለሁ።

ቡና ነጋዴው፦
ማብሪያዎቹ የጅማ ልጆች ናቸው፤ ቡና ሳይቀምሱ ሥራ አይጀምሩም። ጀበናውን ጣዱላቸው! ይልቅ ያ ዋይፋይ መጀመሪያ ሲገናኙት ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይከፍታል? እኛ ጋ ቴሌቪዥኑ በዚህ ምክንያት አልገባ ብሎ ነበር።

የጅማ አሰልጣኝ፦
አዎ፣ ይከፍታል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መለያ አለው።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው! ማብሪያ ማጥፊያው ገጽ ከፍቶ ስም የሚጽፍበት ስክሪን የለውም፤ ስለዚህ ደጅ ላይ ይቀራል። ሌላም አለ፤ ዋይፋይ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሞገዶች ይሠራል፤ ብዙዎቹ ማብሪያዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ስልክዎ በ5 ጊጋኸርዝ መጠቀሙ ለእነርሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ለነገ የባልደረባዎን ስልክ ሆትስፖት በ2.4 ይክፈቱና መተግበሪያ ያለበትን ስልክ በእሱ አገናኝተው ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ያስገቡ። በኋላ ለወርክሾፑ ብቻ የሚሆን ራውተር ሲገዙ የሆትስፖቱን ስምና የይለፍ ቃል እንዳለ ይስጡት፤ ማብሪያዎቹ እንደገና ሳይመዘገቡ ይገባሉ።

ሌላ አባል፦
ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

የቀድሞ ሰልጣኝ፦
መምህር፣ አንድ ነገር አደራ! ከልጆቹ አንዱ የእንጀራ ምጣድን በስማርት ሶኬት ላብራ ማለቱ አይቀርም። 10 አምፔር የሚችል ስማርት ሶኬት በ220 ቮልት የሚሸከመው 2200 ዋት ነው፤ ምጣዱ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ሶኬቱ ይቀልጣል። ስማርት ማብሪያው ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያዝዝ፣ የምጣዱን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም። ለዚህ ሰሌዳው ላይ ቦታ ይተዉለት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማብሪያው ጠፍቶ እንዲቆይም ከመተግበሪያው ያስተካክሉ፤ ይህን እዚያው መብራቱን አጥፍተው እያበሩ ያሳዩአቸው።

አንጋፋው ሽቦ ዘርጊ፦
የኮንታክተሩን ነገር በደንብ ተናገርክ፣ ልጄ።

ከአጋሮ፦
መምህር፣ ተገናኘ? እኛም ተመሳሳይ ሰሌዳ እየሠራን ነው። አንድ የስልክ ሆትስፖት ስንት ማብሪያ እንደቻለ ይጻፉልን።