ጥያቄ፦ ሐዋ፣ ሀዋ እና ሃዋ በመረጃ ቋታችን ሦስት ሰው ሆነውብኛል

ጠያቂ (ከደሴ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ ሆኜ እሠራለሁ። የአባላት መዝገባችን ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ላይ ሲሆን፣ ምዝገባውን የሚያከናውኑት በደሴ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ ያሉ ሠራተኞቻችን ናቸው። አንዱ «ሐዋ» ብሎ የመዘገባትን አባል ሌላው «ሀዋ» ብሎ ሲፈልጋት ስለማያገኛት እንደ አዲስ አባል ይመዘግባታል፤ ቁጠባዋም በሁለት፣ አንዳንዴም በሦስት ደብተር ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ አንድ ቀይሬ፣ ከዚያም ስማቸውና የአባታቸው ስም የሚገጥመውን መዝገቦች ለማዋሐድ አስቤአለሁ። ከመጀመሬ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ የተመዘገበውን ስም ፈጽሞ አይንኩት። አባሏ በመታወቂያዋና በብድር ውሏ ላይ «ሐዋ» ተብላ ከተጻፈች መዝገቡም እንዲሁ ሊል ይገባል። መስተካከል ያለበት ስሙ ሳይሆን ፍለጋው ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት የሀ ቁጥር 4608፣ የሐ 4624፣ የኀ ደግሞ 4736 ነው።

ስለዚህ ከስሙ አምድ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ አምድ ይክፈቱ። ሐ እና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የሚለውጥ አንድ ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የትእዛዝ ስብስብ) ፊደልን በፊደል በሚተካው በትራንስሌት ይጻፉና፣ ለአንድ ስም ውጤቱ ሁልጊዜ የማይለዋወጥ መሆኑን ለፖስትግሬስ አሳውቀው አምዱ ከስሙ በራሱ እንዲሰላ ያድርጉ፤ ይህ ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ግእዙ ሀ እና ራብዑ ሃ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሃም ወደ ሀ መለወጥ አለበት፤ ነገር ግን ትራንስሌት እያንዳንዱን ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚለውጥ፣ ሓን ወደ ሃ ልከው ሃ ደግሞ ወደ ሀ ይሄድልኛል ብለው ቢጠብቁ ሓ መንገድ ላይ ሃ ሆኖ ይቀራል። ሓንም ኃንም በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓንና ኣንም በቀጥታ ወደ አ ይላኩ።

ሠራተኛው የሚጽፈው የፍለጋ ቃልም በዚያው ፈንክሽን ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው። ደግሞም ይህን ዓይነት አምድ መጨመር ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ስለሚጽፈውና እስኪያልቅ ድረስ ስለሚቆልፈው፣ በተለይ በደሴ የሰኞ ገበያ ቀን አይሞክሩት። ፍለጋውን የሚያፋጥነውን ማውጫ፣ ኢንዴክሱን ግን ኮንከረንትሊ በሚለው ትእዛዝ ሥራ ሳያቋርጡ መገንባት ይችላሉ።

መልስ (ከወልድያ)

ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ለሚጠቀሙ አንባቢያን አንድ ነገር ልጨምር። ትራንስሌት እዚያ ስለሌለ በአንድ ጊዜ አንድ ፊደል የሚተካውን ሪፕሌስን አንዱን በሌላው ውስጥ መደራረብ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሃን ወደ ሀ የሚለውጠው ከሁሉም በኋላ የሚሠራው፣ ማለትም የውጭው መሆን አለበት።

መልስ (ከደሴ)

እኔን ያሳሰበኝ ማዋሐዱ ነው። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት የስምና የአባት ስም መግጠምን ብቻ መስፈርት አድርጌ ደንበኞችን አዋሐድሁ። በእኛ አገር «ሰይድ አሊ» ወይም «አሕመድ ሙሐመድ» የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት እንደሆነ እያወቅሁ አላሰብሁበትም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ሂሳብ ተደመረ። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረን፤ ሆኖም ቅጂውን መልሰን ጭነን አይተነው ስለማናውቅ፣ በዚያን ቀን ስንከፍተው የአማርኛ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው አገኘናቸው። ቅጂውን የሚወስደው ፕሮግራም በላቲን ኮድ ተዋቅሮ ኖሮ፣ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካ ነበር፤ አንዴ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መልሶ ማግኛ የለውም። ከወረቀት ማኅደር እየለቀምን ብዙ ሳምንት ሠራን። ስለዚህ እኅቴ፣ ዛሬውኑ ቅጂዎን በሌላ ማሽን ላይ ይጫኑት፤ የመዝገቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥቂት ስሞችን በዓይንዎ ያንብቡ።

ማዋሐዱንም ማሽኑ ይጠቁም እንጂ አይወስን። የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ ስልክና ቀበሌ ካልገጠሙ ይተዉት፤ ሲያዋሕዱም የቀድሞውን ደብተር ሳይሰርዙ ወደ አዲሱ የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ይስጡት። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (አብሮ በሚጸድቅ ወይም አብሮ በሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ውስጥ አድርገው፣ የተነኩት ረድፎች ብዛት ከጠበቁት ጋር ካልተስማማ ወዲያው ሮልባክ ብለው ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሱ።

መልስ (ከከሚሴ)

ሞክሼ ፊደል ብቻውን ለወሎ ስሞች አይበቃም። ኸዲጃ፣ ከድጃ እና ሐዲጃ፣ እንዲሁም ሙሐመድ እና መሐመድ በየጸሐፊው እጅ ይለያያሉ። ለነዚህ እኔ የምጠቀመው ፊደሉን ሁሉ ወደ ግእዙ የሚመልስ ሁለተኛ አምድ ነው፤ ሙሐመድም መሐመድም «መሀመደ» ይሆናሉ። የዩኒኮድ አደራደር ለዚህ ይመቻል፦ እያንዳንዱ የፊደል ዘር ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ሀ ከ4608፣ ለ ከ4616 ይጀምራል፤ ቁጥሩን ለ8 አካፍሎ ቀሪውን መቀነስ ወደ ግእዙ ይመልሰዋል። እንደ ጐ እና ኰ ያሉት ግን የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው አስቀድመው ወደ ጎ እና ኮ ይለወጡ። ኸን ወደ ሀ መለወጡም ኸዲጃን ከሐዲጃ ጋር ያገናኛል፤ ከድጃ ግን በዚህም አትገኝም፣ በእጅ ትፈለግ። ይህ አምድ የማይዛመዱትንም ስለሚያቀራርብ ለሠራተኛው «ይህችን ማለትዎ ይሆን?» ብሎ ለመጠቆም እንጂ ለሌላ አይዋል።

ጠያቂ (ከደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቅጂውን በሌላ ማሽን ጭኜ ስሞቹን በደኅና አነበብኋቸው፤ የፍለጋውንም አምድ እሑድ ሌሊት ጨመርሁ። ዛሬ ግን ጐን ወደ ጎ የሚለውጠውን በፈንክሽኑ ላይ ስጨምር፣ አዲስ የተመዘገቡት ሲገኙ የቀድሞዎቹ አልተገኙም። ምን አጎደልሁ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

የተሰላው አምድ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ፈንክሽኑ ሲለወጥ የቀድሞው ውጤት በራሱ አይታደስም። ስሙን በራሱ በስሙ የሚተካ የአፕዴት ትእዛዝ በጥቂት በጥቂት ረድፍ እየከፋፈሉ ያስኪዱ፤ አምዱ እንደገና ይሰላል፣ በአምዱ ላይ ያለው ኢንዴክስም አብሮ ይታደሳል። ሲጨርሱ የረድፎቹን አሮጌ ቅጂ የሚያጸዳውን የቫክዩም ትእዛዝ በሰንጠረዡ ላይ ያስኪዱ።