የሥራ ጉዞና የግማሽ ማራቶን ልምምድ፦ ድካሙ አልለቅ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ሻንጣ ጎታች፦

ሰላም ጓዶች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

38 ዓመቴ ነው፣ መሮጥ ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆኖኛል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምውል ተራ ሯጭ ነኝ። ከ9 ሳምንት በኋላ ግማሽ ማራቶን አለብኝ። ባለፈው በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው የገባሁት፣ አሁን ከ2 ሰዓት በታች መግባት እፈልጋለሁ። ይህን ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ማውራቴ ስህተት ነበር፤ ሊፍት ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ "ሩጫው እንዴት ነው?" ይለኛል።

ዕቅዱን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። በሳምንት 5 ቀን፣ በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ሁለቱ ፈጣን ልምምድ፣ አንዱ ረጅም ሩጫ፣ የቀሩት ቀላል። ቤት ስሆን ምንም አይለኝም። ችግሩ ቤት አለመሆኔ ነው። ሥራዬ በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ከከተማ ያስወጣኛል፤ አንደኛው ጉዞ የ6 ሰዓት ልዩነት ያለው አገር ነው። ስብሰባው ጠዋት ይጀምርና ማታ በእራት ያልቃል፣ ክፍሌ ስገባ ደግሞ ቀን ያልመለስኩት ኢሜይል ይጠብቀኛል። ከ4 ቀን ጉዞ ውስጥ ብሮጥ ብሮጥ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ስመለስ የቀረብኝን ለማካካስ ሁለቱንም ፈጣን ልምምድ፣ ረጅሙንም ሩጫ በቀሩት ቀናት ውስጥ አጭቃቸዋለሁ።

ላለፉት 3 ሳምንታት እግሬ ድንጋይ ሆኗል። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴ 52 ነበር፣ አሁን 59፣ 60 ነው የሚያሳየኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና ጣሪያ እያየሁ ይነጋል። ሰው ላይ መጮህ ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሑድ 18 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጥቼ 11ኛው ላይ ቆምኩ። አላመመኝም፣ አልወደቅሁም፣ ዝም ብሎ እግሬ እምቢ አለ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ሳይ ቆየሁና በታክሲ ተመለስኩ።

ሥራውም ሩጫውም በቅጡ አልሆነልኝም፣ ከሁለት ያጣ ሆኛለሁ። ውድድሩን ልተወው? ወይስ እንደኔ እየተጓዘ የሚሮጥ ሰው መላ አለው?

ዘገምተኛው፦

እህቴ፣ ውድድሩን አትተዪው። ማካካሱን ተዪው።

እንደሚመስለኝ የሚጎዳሽ ጉዞው ሳይሆን ከጉዞው በኋላ ያለው ሳምንት ነው። አፑ ላይ "0 ኪሎ ሜትር" ተብሎ የተጻፈው ቀን ለሰውነትሽ ባዶ ቀን አልነበረም። ሻንጣ ጎትተሻል፣ ሌሊት በረራ ላይ አንገትሽን ቀልሰሽ አድረሻል፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ተወጥረሽ ውለሻል። ሰውነት "ይሄ የሥራ ድካም ነው፣ ይሄ የሩጫ ነው" ብሎ ለይቶ አይመዘግብም። አንቺ ግን እንዳረፈ ሰው ቆጥረሽው ቤት እንደገባሽ በሦስት ከባድ ልምምድ ትቀበዪዋለሽ።

ደግሞ 4 ቀን ባለመሮጥ የሚጠፋ አቅም የለም ማለት ይቻላል። የልብና የሳንባ አቅም መቀነሱ በደንብ መታየት የሚጀምረው ጭራሽ ሳይሮጡ ወደ 2 ሳምንት ሲጠጋ ነው። ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትም ሯጮች ኪሎ ሜትሩን ሆን ብለው ይቀንሱታል፣ ውድድሩ ቀን ላይም የተሻለ ይሮጣሉ እንጂ አይደክሙም። የቀረ ሩጫ ዕዳ አይደለም፣ ቀርቷል፣ አለቀ።

ይህን የተማርኩት ባቴን ከፍዬበት ነው። ሰኞ ማታ ከበረራ ወርጄ ማክሰኞ በጠዋት 8 ጊዜ 800 ሜትር ልሮጥ ሜዳ ሄድኩ፣ ሐሙስ የቀረብኝ ልምምድ ነበር። ስድስተኛው ላይ ባቴ ጠቅ አለ። 5 ሳምንት ቆምኩ። አንዲት ልምምድ ላስመልስ ብዬ።

ያደረግሁት ለውጥ ቀላል ነው። መቼም ጥሩ ዕቅድ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቀለል ያለ ሳምንት አለው። ያንን ሳምንት አንሥቼ ጉዞው ላይ አስቀመጥኩት። ስመለስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀላል ሩጫ ብቻ፣ ከዚያ አንድ ፈጣን ልምምድ፣ ከዚያ ረጅሙ። ሁለተኛው ፈጣን ልምምድ ለዚያ ሳምንት ይቅር።

መስኮት አጠገብ፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ጉዞው ራሱ ልጨምር። በዓመት ከ20 ጊዜ በላይ እበራለሁ፣ ማራቶንም ሮጫለሁ፣ ስለዚህ ብዙ ተበላሽቼ ነው የማወራው።

የበረራ ቀን ፈጣን ልምምድ የለም። በመነሻውም በመድረሻውም ቀን። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ሊሆን ይችላል (ከፍታ ላይ ለምትኖሩ ይሄ ብርቅ አይሆንባችሁም)፣ አየሩ ደግሞ በጣም ደረቅ ነው፣ በረጅም በረራ ላይ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ሰዓታት ሙሉ ተቀምጠሽ እግርሽ አብጦ ትወርጃለሽ። ከዚያ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሶምሶማ ወይም እርምጃ በቂ ነው፤ እግር ለማፍታታት ነው እንጂ ልምምድ ብለሽ አትቁጠሪው።

የሰዓት ልዩነቱን በተመለከተ፣ በልማድ የሚባለው ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል ነው። የአንቺ 6 ሰዓት ስለሆነ በ4 ቀን ጉዞ ገና ሳትላመጂው ትመለሻለሽ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መላመድ ይጀመራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስሽ ይሄም ሊሆን ይችላል። ወደ ምሥራቅ መብረር ለአብዛኛው ሰው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰውነት ቀኑን ከማሳጠር ማርዘም ይቀለዋል። እኔ ጉዞው 2 ወይም 3 ቀን ብቻ ከሆነ የቤቴን ሰዓት ሳልለቅ ለመቆየት እሞክራለሁ። ከዚያ ከረዘመ የቀን ብርሃን ነው መድኃኒቴ። ለስብሰባ ከመግባቴ በፊት ውጭ ወጥቼ እሮጣለሁ ወይም እራመዳለሁ፣ መቼ ብርሃን ማየት እንዳለብሽ ግን እንደ አቅጣጫው ይለያያልና ስትሄጂ ከሆነው ስትመለሺ ያለው አንድ አይደለም። ቡና ከቀትር በኋላ አልጠጣም፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

የመሮጫ ጫማሽን ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዢ። ሌላው ልብስ ቢጠፋ ይገዛል፣ እግርሽ የለመደው ጫማ ግን በማግስቱ አይገኝም። አንድ ጊዜ ሻንጣዬ ሌላ አገር ሄዶብኝ በስብሰባ ጫማ ትሬድሚል ላይ 3 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ። አይመከርም።

ነጭ ጋውን፦

ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ማንም ስላላነሳው ልበል። ደም ተመርመሪ።

ሴት ነሽ፣ ትሮጫለሽ፣ 3 ሳምንት ሙሉ ያልለቀቀ ድካም አለብሽ። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፣ ፌሪቲን የሚባለውንም አሠሪ። ፌሪቲን የብረት ክምችትን ነው የሚያሳየው፣ ሄሞግሎቢን ገና ደህና ሆኖ ክምችቱ ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። ሯጭ ብረት የሚያጣበት መንገድ ብዙ ነው፤ በወር አበባ፣ በላብ፣ በአንጀት በኩል በሚወጣ ጥቂት ደም፣ እግር መሬት ሲመታ በሚፈርሱ ቀይ የደም ሕዋሳትም ጭምር። ሳትመረመሪ የብረት ክኒን እንዳትጀምሪ ግን፣ ትርፍ ብረት ሰውነት በቀላሉ አያስወጣውም፣ ይጠራቀማል። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ቢታይ አይከፋም።

ምግብም አለ። በጉዞ ላይ ቁርስ የሚዘለል ከሆነና ሩጫው ካልቀነሰ ወደ ሰውነት የሚገባው ጉልበት ከሚወጣው ያንሳል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ይህን የጉልበት ጉድለት ራሱን የቻለ ችግር ብለው ስም ሰጥተውታል። የወር አበባ መዛባት አንዱ ምልክቱ ነው። እሱ ካለ ለሐኪም ሳትነግሪ አትለፊው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ከረጅም በረራ በኋላ አንድ ባት ብቻ ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም፣ "ጡንቻዬ ነው" ብለሽ አታሺው፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ደግሞ ዛሬ ነገ የለም።

ባለ ሦስት ቀን፦

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። "ቀላል" የምትዪውን ሩጫ በኪሎ ሜትር በስንት ነው የምትሮጪው?

ሻንጣ ጎታች፦

በ6:00 አካባቢ። አንዳንዴ 5:55። ለምን?

ባለ ሦስት ቀን፦

ይኸው! ባለፈው ውድድርሽን በስንት እንደሮጥሽ አስልተሽ ታውቂያለሽ? 21.1 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር 5:53 ነው። ቀላል ያልሽው ሩጫ ከውድድርሽ የሚለየው በ7 ሰከንድ ነው። እንግዲህ አንቺ በሳምንት 5 ቀን ውድድር እየሮጥሽ፣ በመሀል አውሮፕላን እየተሳፈርሽ ነው።

ስቲቨን ሳይለር የሚባል የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ የትልልቅ አትሌቶችን ልምምድ መዝግቦ አይቶ፣ ከልምምዶቻቸው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው በዝቅተኛ ጉልበት የሚሠራ መሆኑን አሳይቷል። እነሱ ሥራቸው ሩጫ ሆኖ፣ ቀን ተኝተው፣ እንዲህ ከሆነ እኛ ኢሜይል የምንመልሰው ሰዎች ምን ቤት ነን? ቀላል ሩጫ ማለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ የምትሮጪው ነው። ለአንቺ 6:45 ወይም 7:00 ሊሆን ይችላል። ታፍሪያለሽ፣ ሰው ያልፍሻል፣ ይለመዳል።

"መስኮት አጠገብ" ላይ ደግሞ አንድ ነገር አልስማማም። ሌሊቱን 5 ሰዓት ብቻ ተኝቶ በጠዋት ለብርሃን ብሎ መሮጥ ለሁሉም አይሆንም። እኔ ከ6 ሰዓት በታች ከተኛሁ ሩጫውን ሰርዤ እተኛለሁ፣ ምንም አይቆጨኝም። 5 ቀኑም የበዛብሽ ይመስለኛል። እኔ 3 ቀን ነው የምሮጠው፤ አንድ ፈጣን፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ቀላል። ያ ዕቅድ የተጻፈው በየማታው ገዛ አልጋው ላይ ለሚያድር ሰው ነው።

መስኮት አጠገብ፦

ተቀብያለሁ። "ብርሃን" ስል በመስኮት ማየትም ይቆጠራል፣ ግድ ሩጫ ይሁን አላልኩም። 3 ቀን ግን ከ2 ሰዓት በታች ለመግባት ያንሳል ባይ ነኝ። 4 እናድርገው።

ባለ ሦስት ቀን፦

ገበያ አስመሰልከው እኮ። እሺ፣ 4፣ የጉዞ ሳምንት 2።

ሻንጣ ጎታች፦

ኧረ ሳቅኩ። 7 ሰከንዷ ግን አናደደችኝ፣ እንዴት አላየኋትም? ዛሬ በ6:50 ልሮጥ ሞከርኩ፣ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ "ተበላሸ እንዴ?" ብዬ አየሁት። ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ አለኝ፣ ሁለት ሩጫ ብቻ፣ ሁለቱም ቀላል። ሄጄ ስመጣ እጽፋለሁ።

ሻንጣ ጎታች (ከ3 ሳምንት በኋላ)፦

ቃሌን አላጠፍኩም። ፌሪቲን 14 ወጣ። ሐኪሟ ዝቅተኛ ነው ብላ ብረት አዘዘችልኝ፣ ከሻይና ከቡና ጋር እንዳልወስደው አስጠንቅቃኝ (ክኒኑን በቡና ልውጥ የነበርኩ ሰው ነኝ)፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሜ እመረመራለሁ። "ነጭ ጋውን"፣ እግዜር ይስጥሽ።

በጉዞው ላይ ሁለት ቀን 35 ደቂቃ ሮጥኩ። ስመለስ ምንም አላካካስኩም። እውነት ለመናገር ሐሙስ ማታ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ መልሼ አወለቅሁት። ጠዋት የልብ ምቴ 54 እና 55 ላይ ነው አሁን። ከብረቱ ይሁን፣ ከመዝገሜ፣ ከእንቅልፉ፣ ለይቼ አላውቅም። ትናንት 16 ኪሎ ሜትር ሳልቆም ጨረስኩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ እያወራሁ ነበር፣ ማውራት መቻሌን ለማረጋገጥ። ያለፈኝ ብስክሌተኛ ዞሮ አየኝ።

ከ2 ሰዓት በታች መግባቴን አላውቅም። የመሥሪያ ቤት ሰዎችን "እያየሁት ነው" እያልኳቸው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ከውድድሩ 3 ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመመለሻ በረራ አለኝ፣ የዚያ ቀን ዕቅዱ ላይ ደግሞ 18 ኪሎ ሜትር ተጽፏል። ከመብረሬ በፊት በጠዋት ልጨርሰው?

ዘገምተኛው፦

አይ! እሑድ ከሰዓት፣ እንቅልፍሽን ጠግበሽ ከሆነ። ካልጠገብሽ 12 ይበቃል። ባቴን አስቢ።

ሻንጣ ጎታች፦

ባትህን አስቤ 12 ጻፍኩ።