ደሴ፣ 5.60 በ 4.50 ክፍል፦ ባለ 7 ጫማ ፑል ወይስ ባለ 8?

የሆጤ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሆጤ ካለው ቤታችን ፎቅ ላይ አንዱን ክፍል ለፑል ጠረጴዛ ልናደርገው አስበናል። ፕላኑ ላይ 5.60 በ 4.50 ሜትር ይላል። ከረጅሞቹ ግድግዳዎች በአንዱ፣ መሃል አካባቢ፣ ኮለኑ 15 ሳንቲም ወደ ውስጥ ወጥቷል። በሩ አጭሩ ግድግዳ ጥግ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አጭር ግድግዳ ደግሞ ሰፊ መስኮት አለ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ የኮርኒሱ ከፍታ 2.80።

የቀረቡልኝ ሁለት ናቸው፤ ከጨርቁ ሥር ድንጋይ ያለው ባለ 7 ጫማ እና ከጨርቁ ሥር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ያለው ባለ 8 ጫማ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ "ባለ 8ቱ በደንብ ይገባል" ብሏል። ልጆቹም ትልቁን ነው የሚፈልጉት። ይገባል ወይ? ሶሌታውስ ይሸከመዋል? የደሴ ክረምት ደግሞ ለእንጨት የሚመች አይደለም፤ እሱንም የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ውሃ_ልክ

ወንድሜ፣ ፕላኑን አጣጥፈህ አስቀምጥና ሜትር ይዘህ ክፍሉ ውስጥ ግባ። ፕላን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ያለው ነው። በ20 ሳንቲም ብሎኬት ከተሠራ ከየግድግዳው ግማሹ፣ በድምሩ 20 ሳንቲም ይቀነሳል። ልስኑ በየጎኑ 2 ከግማሽ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 5.60 ያልከው 5.35፣ 4.50 ያልከው 4.25 ሊሆን ይችላል። ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለህ፣ በሁለቱ ጫፍና በመሃል፣ ሦስት ጊዜ ለካ። ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው፤ ትንሿን ቁጥር ያዝ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ቦታ የሚበላው ዱላው ነው። መደበኛው የመምቻ ዱላ 147 ሳንቲም ይረዝማል። ኳሱ ጎማው ላይ (በጠረጴዛው ዙሪያ ኳሱ የሚነጥርበት ጠርዝ) ተለጥፎ ሲቆም ዱላው ሙሉ በሙሉ ከመጫወቻው ሜዳ ውጭ ይቀራል፤ እጅህን ወደ ኋላ ለመሳብ ደግሞ ከዱላው ጀርባ 15 ሳንቲም ያስፈልግሃል። ሜዳው የሚለካው ከጎማ አፍንጫ (ወደ ውስጥ ከወጣው ጫፉ) እስከ ጎማ አፍንጫ ነው፤ እንጨቱ አይቆጠርም።

ባለ 7 ጫማ፦ ሜዳው 198 በ 99 ሳንቲም። ከዱላው ጋር 4.92 በ 3.93 ሜትር፤ እንደልብ ለመሳብ 5.22 በ 4.23።

ባለ 8 ጫማ፦ 224 በ 112። ከዱላው ጋር 5.18 በ 4.06፤ እንደልብ 5.48 በ 4.36።

ባለ 9 ጫማ፦ 254 በ 127። ከዱላው ጋር ብቻ 5.48 በ 4.21። ያንተ ክፍል ርዝመቱ እዚያ አይደርስም፤ እርሳው።

ውስጡ እውነትም 5.35 በ 4.25 ከሆነ ባለ 7ቱ ልክ ለዚያ ክፍል የተሠራ ይመስላል፤ በቁመት በኩል በየጫፉ 21፣ በጎን በየጎኑ 16 ሳንቲም መሳቢያ ይተርፍሃል። ባለ 8ቱን ካስገባህ በቁመት ስምንት ተኩል፣ በጎን ዘጠኝ ተኩል ብቻ ይቀርሃል። ያ ለቀስታ ምት ይበቃል፤ ጠንከር ያለ ምት ስትፈልግ ግን ክርንህ ሳይዘረጋ የዱላው ጫፍ ግድግዳ ይነካል።

ኮለኑ ደግሞ ነገሩን ይለውጠዋል። ባለ 8ቱን መሃል ላይ ብታቆመው ከጎማው እስከ ኮለኑ 1.41 ይሆናል፤ ዱላው ከዚያ ይበልጣል። ባለ 7ቱን መሃል ብታቆመው 1.48 ነው፤ ዱላው ይገባል፣ መሳቢያ ግን የለም። መላው ቀላል ነው፤ ጠረጴዛውን ከክፍሉ መሃል 7 ከግማሽ ሳንቲም አንሥተህ ከኮለኑ ማዶ ወዳለው ግድግዳ አስጠጋው። ያኔ ባለ 7ቱ በኮለኑም በማዶውም በኩል 1.55 ያገኛል፤ በየጎኑ 8 ሳንቲም መሳቢያ ማለት ነው። ባለ 8ቱን በዚያው መጠን ብታስጠጋው 1.49 ነው፣ 2 ሳንቲም።

ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ይህን አድርግ። ወለሉ ላይ በጠመኔ 198 በ 99 አስምር። ቀጥ ያለ እንጨት 1.47 ላይ ቁረጥ። 80 ሳንቲም ከፍታ ያለው ነገር መስመሩ ጠርዝ ላይ አስቀምጥና እንጨቱን በላዩ አድርገህ በአራቱ ጥግ፣ በኮለኑና በመስኮቱ በኩል እንደ መምታት እያደረግህ ሳበው። ከዚያ 224 በ 112 አስምረህ ድገመው። ልጆቹም ይሞክሩት፤ ሻጩ ከሚለው ይልቅ ይህ ያሳምናቸዋል።

ቦርከና_ማዶ

ውሃ ልክ ባሉት ስሌት እስማማለሁ። ባለ 8ቱ ግን ጨርሶ አይሆንም ማለት አይቻልም። 132 ወይም 122 ሳንቲም የሆኑ አጫጭር ዱላዎች አሉ፤ ለኮለኑ በኩል አንድ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሆኖም አጭር ዱላ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ነው የሚታገሡት። አራቱም ጎን ላይ ዱላ መቀያየር ከመጣ ልጆቹ ምታቸው ይበላሻል፤ አጭሩ ቀላል ስለሆነ እጅ ይቸኩላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመጠኑ በላይ ኤምዲኤፉ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ኤምዲኤፍ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። የተቆረጠው ጠርዙ፣ በተለይ የቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ እርጥበት ይጠጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል። ጠርዙ ሲያብጥ ኳሱ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ይነጥራል ወይም አቅጣጫ ይስታል፤ አንዴ ያበጠ ደግሞ ሲደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሞቃትም ናት፤ እዚያ ችግሩ ይቀላል እንጂ አይጠፋም።

ሁለተኛው ጣጣ መርገብ ነው። ባለ 8 ጫማ ኤምዲኤፍ ከሥሩ በቂ አግዳሚ ከሌለው በራሱ ክብደት ሆዱ ይወርዳል። ለማወቅ ኳሷን በረጅሙ ጎን፣ ከጎማው አራት ጣት አርቀህ፣ በጣም በቀስታ ልቀቃት። መጨረሻ ላይ ወደ መሃል ካዘነበለች ረግቧል። ከሁለቱም ጎን ሞክር፤ ከአንዱ ወደ መሃል፣ ከሌላው ወደ ውጭ ከሄደች ግን ጠረጴዛው ያዘመመ ብቻ ነው፣ እሱ በእግሮቹ ይስተካከላል።

ድንጋዩ በእንግሊዝኛ ስሌት (slate) የሚባለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አይረግብም፣ እርጥበት አያሳብጠውም። በተቀራራቢ ዋጋ ከመጣልህ ባለ 7ቱን ያለ ማመንታት ውሰድ። ጨርቅና ጎማ ይቀየራል፤ የረገበ መሠረት ግን አይድንም።

ያገለገለ ከሆነ ጎማውንም ፈትሽ። ኳሷን ከአጭሩ ጫፍ በኃይል ምታ፤ ቢያንስ ሦስት ርዝመት ካልተመላለሰች ጎማው ደርቋል። አፍንጫው ከጨርቁ ላይ 36 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ኳሱ 57 ሚሊ ስለሆነ ከመሃሉ ትንሽ በላይ ይነካዋል። ከዚያ ካነሰ ኳሱ በጠንካራ ምት ይዘላል። ሜትርህንም አትርሳ፤ የውጭውን እንጨት ለክቶ "ባለ 8 ጫማ" የሚል ሻጭ አለ። ከጎማ እስከ ጎማ 224 ካልሆነ ባለ 8 አይደለም።

ብረት_አሳሪ

ስለ ሶሌታው ልመልስ። ድንጋይ ያለው ባለ 7 ጫማ ጠረጴዛ እንደ ድንጋዩ ውፍረት ከ300 እስከ 350 ኪሎ ይመዝናል። የሚያርፍበት ስፋት 2.8 ካሬ ያህል ነው፤ በካሬ ከ110 እስከ 125 ኪሎ ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ 200 ኪሎ ያህል ጭነት ታስቦ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በሥርዓት የተሠራ የኮንክሪት ሶሌታ አይቸገርም። ወለሉ ከታች በእንጨት የተያዘ የድሮ ፎቅ ቢሆን ግን አይሆንም እልህ ነበር። መሬት ቤት ላይ የምታስቡ ሌሎች ደግሞ ሙሌቱን አጣሩ፤ ደሴ ተዳፋት ስለሆነች በአንድ በኩል ሁለት ሜትር ሙሌት ያለበት ክፍል ብዙ ነው፤ እሱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፣ ጠረጴዛውም አብሮ ያዘማል።

ሴራሚኩ ላይ ግን ተጠንቀቅ። በእያንዳንዱ እግር 80 ኪሎ ያህል ይወርዳል። እግሮቹ የሚያርፉበትን ሴራሚክ በሳንቲም አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ሥሩ ሙጫ የለውም፣ ይሰነጠቃል። ያንን አንሥተህ አስለጥፍ፤ አለዚያም ከእያንዳንዱ እግር ሥር 15 በ 15 ወፍራም ኮምፔልሳቶና ከበላዩ ጎማ አድርግ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ደረጃው ነው። ባለ 7 ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ ከ120 ኪሎ ያላነሰ፣ አራት ሰው የሚፈልግ፣ የማይታጠፍ። ቁመቱ 2.10፣ ወርዱ 1.10 አካባቢ ነው። የደረጃህ መዞሪያ ይህን በቁሙ ያሳልፋል ወይ? በካርቶን ልኩን ቆርጠህ በደረጃው አዙረው። ሦስት ቦታ የተከፈለ ድንጋይ ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሰው ይቀላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ድንጋዩ በጠርዙ ቆሞ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ ከመኪናው ጎን ጋር ተጠፍሮ ይጫን። በጀርባው ተኝቶ መሃሉ ባዶ ከሆነ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ባለው መንገጫገጭ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሆጤ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለካሁት፤ ትንሿ ቁጥር 5.33 በ 4.24 ነው። በጠመኔ አስምሬ በ1.47 እንጨት ሞከርን፤ ባለ 8ቱ በሦስት ቦታ ግድግዳ ይነካል፣ ባለ 7ቱ የትም አይነካም። ድንጋዩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። ባለ 7ቱን ልንይዝ ነው። በሩን ምን ላድርገው? ስለ መብራቱና ስለ ማስተካከሉስ?

ውሃ_ልክ

በጎ መርጠሃል። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙረው፤ ጥግ ላይ ቆሞ የሚመታ ሰው ጀርባው በሩ ላይ ነው፣ በድንገት የሚገባ ሰው ዱላውን ይገፋዋል። መስኮቱ ከወለሉ 90 ሳንቲም አካባቢ ላይ የሚጀምር ከሆነ የዱላው ጫፍ ልክ መስታወቱ ላይ ይመጣል። ዱላ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ጫፉ ከፍ ስለሚል ነው። ከውስጥ በኩል አንድ አግዳሚ እንጨት አስመታበት።

መብራቱ በጠረጴዛው ርዝመት፣ ከጨርቁ 85 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ከወለሉ 1.60 ገደማ ይመጣል። አንድ አምፖል መሃል ላይ ብቻ አታድርግ፤ ኳሶቹ ረጅም ጥላ ይጥላሉ፣ ጥጎቹም ይጨልማሉ። 1.20 ሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ጎን ለጎን ይበቃሉ። የምትሰቅለው በክፍሉ መሃል ሳይሆን በጠረጴዛው መሃል ነው፤ ጠረጴዛው ከኮለኑ ስለተነሣ መብራቱም 7 ከግማሽ ሳንቲም ይሄዳል።

ማስተካከሉን አትቸኩልበት። በመጀመሪያ ድንጋዩ ሳይጫን የእንጨት አካሉን በእግሮቹ አስተካክል። ከዚያ የመሃሉን ድንጋይ አስቀምጥ፤ ቢያንስ 60 ሳንቲም በሆነ ውሃ ልክ በቁመትም በወርድም እየው። ሁለቱን ዳር ድንጋዮች ወደ እሱ አምጥተህ መጋጠሚያው ላይ ጥፍርህን አሳልፍ፤ ጥፍር ከያዘ ከሥሩ ቀጭን ሽብልቅ አስገባ። በቁመት ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በወርድ ሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው የሚፈቀደው፤ በዓይን አይታይም፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ኳስ ግን ታየዋለች። ሲስተካከል ብሎኑን አጥብቅና እንደገና ለካ፤ ማጥበቁ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል።

መጋጠሚያውን በንጹሕ የንብ ሰም ሙላው። አቅልጠህ አፍስስ፣ ሲበርድ በሰፊ ስለት ከድንጋዩ እኩል ፋቀው። የሱቅ ሻማ ፓራፊን ነው፤ በደሴ ብርድ ይሰባበርና ፍርፋሪው ከጨርቁ ሥር ይጉረበረባል። ከዚያ ጨርቁን ወጥር፤ ከአንዱ አጭር ጫፍ ጀምረህ ወደ ሌላው እየሳብህ፣ ጎኖቹን በመጨረሻ። ላላ ብሎ ከተወጠረ በክረምት እርጥበት ይቋጠራል።

ከተገጠመ አንድ ወር በኋላ አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መስከረም ላይ አንዴ ውሃ ልኩን አስቀምጥበት። ልዩነት ካየህ ድንጋዩን አትንካ፤ እግሮቹን ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር እያዞርህ አስተካክል።