ቀኑን በ10 ሰዓት እንክፈለው ወይስ ይቅር?

የሜክሲኮው ሒሳብ ሠራተኛ፦ ብሩን በ100 ሳንቲም እንቆጥራለን፣ ኪሎውን በ1000 ግራም። ሰዓት ላይ ስንደርስ ለምንድን ነው ከ24 እና ከ60 ጋር የምንታገለው? ሙሉው ቀን ከነሌሊቱ 10 ሰዓት ይሁን፣ ሰዓቱ 100 ደቂቃ፣ ደቂቃው 100 ሰከንድ። የምሬን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የምሠራው እኔ ነኝ። ሰው 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሠራል፣ መዝጋቢው ቸኩሎ 7.45 ብሎ ያስገባል፣ አለቀ፤ 7.45 ማለት 7 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ስለሆነ 18 ደቂቃ ተበላ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ለወራት ሲጎድልባት ቆይቶ ነው የደረስኩበት። እስካሁን ይቆጨኛል።

የፒያሳው ሰዓት ሠሪ፦ ልጄ፣ ቁጭትህ ገብቶኛል። ግን ይሄ ነገር ተሞክሯል። ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1793፣ ልክ አንተ እንዳልከው አወጁት። በመስከረም 1794 ግዴታ ሆነ፣ በሚያዝያ 1795 ቀረ። ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም። ሰዓቱን ያስቀረው ደግሞ ሜትርን ያጸናው ያው ሕግ ነው። ለምን መሰለህ? የድሮው ክንድና ስንዝር በየመንደሩ ይለያይ ነበር፣ ስለዚህ ሜትር ሲመጣ ነጋዴውም ገበሬውም የሚያገኘው ነገር አለ። ሰዓት ግን ድሮም የትም ቢሄዱ 24 ነው። ሕዝቡ ምን ሊያተርፍ? ደግሞ የእጅ ሰዓት ከፍተህ እየው። የደቂቃው ቀስት 12 ጊዜ ሲዞር የሰዓቱ አንዴ እንዲዞር ጥርሶቹ ተቆጥረው ነው የተሠሩት። ፊቱን ብቻ ቀይረህ አይሆንም። የእኛ አቆጣጠር ግን በፈረንጅ ሰዓት ላይ ምንም ሳይነካ ይሠራል፤ ቀስቱ 9 ላይ ሲሆን ትይዩውን አይተህ 3 ትላለህ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ አሁን ሰው ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፣ ጥርሱ ምክንያት አይሆነኝም። የሜትሩን ግን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነዎት።

የለገሃሯ ነርስ፦ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቴም ሌላ ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። በአንተ ሰዓት ስንት ይሆናል? 3.333 እያለ አያልቅም። በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠውም እንደዚያው፣ 1.666። ሦስት ፈረቃ ብታወጣ ያው ነው። 24 ለሦስትም ለአራትም ለስድስትም ይከፈላል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደክሞኝ ይሄ ነው የሚያድነኝ። የሚጎዳን ሁለት አቆጣጠር ማደባለቃችን ነው። አንዲት እናት ከሰንዳፋ በሌሊት ተነሥተው ጠዋት 3 ሰዓት ደረሱ። የቀጠሮ ወረቀታቸው ላይ 3፡00 ብቻ ነው የተጻፈው፣ በፈረንጅ ኖሯል። እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆዳቸው ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ማንም ይቅርታ አላላቸውም።

የአራት ኪሎው ዲያቆን፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን ሐሳቡን የፈረንጅ ነው ብለን ብቻ አንጣለው። ቀንን በሌላ መንገድ መክፈል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፣ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ። የወንድማችን አዲሱ ሰዓት 144 ደቂቃ ስለሆነ ልክ 6 ኬክሮስ ይገባዋል። ሊቃውንቱ ግን ኬክሮስን ለስሌት ያዙት እንጂ ሕዝቡን በሱ ተቃጠሩ አላሉም። ፈረንሳዮቹ እዚህ ላይ ነው የሳቱት ብዬ አምናለሁ። ወራቸውን 30 ቀን አድርገው ትርፉን 5 ወይም 6 ቀን መጨረሻ ላይ ሲያኖሩት የእኛን ጳጉሜን መስሎ ነበር፤ ሳምንቱን 10 ቀን አድርገው እሑድን ሲያነሱበት ግን ሰው እንዴት ይቀበል? እዚህ ረቡዕና ዓርብን የሚነካ አዋጅ ቢመጣ አስቡት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሳምንቱን ማን ነካ? እኔ ያልኩት ሰዓቱን ነው። ከንጋት ብንጀምር እንኳ ፀሐይ ስትወጣ 0፣ ስትገባ 5 አካባቢ ይሆናል፤ ለእኛ አገር ይመቻል። ግን የነርሷ 3.333 መልስ የለኝም። እሺ፣ የግድግዳው ሰዓት ይቆይ። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን ደቂቃን በሰዓት መቶኛ መጻፍ፣ 45 ደቂቃን 0.75 ማለት፣ ግዴታ ይሁን፣ ከዚህ ወዲያ ወለም ዘለም አልልም።

ሰዓት ሠሪው፦ እሱን እደግፋለሁ።

ነርሷ፦ እኔም። በዚያው የቀጠሮ ወረቀቱንም ጨምሩበት። ቁጥሩ ብቻውን አይጻፍ፤ ‹ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ› ተብሎ በፊደል ይቀመጥ።